እዚህ የምትኖሩ ሁላችሁ

ዓርብ ጠዋት እንደ ሌላው ቀን ነበር። ወንድሜ ኪሮስ መኪናውን አሞቀ፣ እኔ ባትሪውን አሰርኩ። ማይኩን ካልሲ አለበስኩት። ነፋስ በቀጥታ ከገባበት ድምፁ እየተንኮሻኮሸ ሰው አይሰማም፤ ለዚህ ነው ካልሲ የምናለብሰው። ኪሮስ ተቀብሎ አሸተተውና «ይኼ የታጠበ ነው?» አለኝ። ታጥቧል አልኩት። «አፌ ላይ የምይዘው እኔ ነኝ፣ አንተ ምን ቸገረህ» ብሎ ሳቀ። ይህን በየቀኑ ይለኝ ነበር። ከዚያ ለጉሮሮው የሚይዘውን ዝንጅብል በጉንጩ አደረገና ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ ወጣን።

የዚያን ቀን ሥራችን በመኪናዋ ጣሪያ ላይ በተጫነው ሞንታርቦ፣ በድምፅ ማጉያው፣ ለእሑዱ ምርጫ ሰው መጥራት ነበር። ትልቅ ምርጫ አይደለም፤ የሰፈራችን ኮሚቴ ነው፤ የውሃ ቦቴ ተራ የሚያወጣ፣ የሰፈሩን ጉዳይ ለቀበሌ የሚያቀርብ። ግን በትምህርት ቤታችን ውስጥ የሚኖሩት ተፈናቃዮች ይቆዩ ወይስ ይውጡ የሚለው ነገር በዚያ ምርጫ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ምርጫው አንድ ጊዜ ተካሂዶ ተሰርዟል። የተሰረዘውም በወንድሜ አፍ ምክንያት ነው። ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ ከቀበሌ የተሰጠውን ወረቀት እንዳለ እንዲያነብ አስጠንቅቀውታል።

ኪሮስ በሥራ ዘመኑ ከወረቀት አንብቦ አያውቅም። ያን ቀን አነበበ። «መታወቂያ ያላቸው የቀበሌው ነዋሪዎች ብቻ» እያለ፣ እንደ ዜና አንባቢ። አንዲት ሴት ከበሯ ብቅ ብላ እኔን፣ «ኣያ ኪሮስ አሞት ነው? ማን ነው የሚናገረው?» አለችኝ። እሱ ራሱ ነው አልኳት። አላመነችኝም፤ መስኮቱ ድረስ መጥታ አየችው።

በዚያው ቀን ምሽት ላይ ሞተ።

ይህን የምጽፈው ሥራዬን ስለቀየርኩ ነው። አሁን በዚያችው መኪና ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ አመላልሳለሁ። ጣሪያዋ ላይ የነበረውን ሞንታርቦ አውርጄዋለሁ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬአለሁ እንጂ መጻፍ ልምዴ አይደለም፤ ቃል ይጠፋብኛል። ለምን በአማርኛ እንደምጽፍ የሚጠይቅ ካለ፣ በሥራችን የአማርኛው ድርሻ የእኔ ስለነበረ ነው። ከመሃል አገር የመጡ ነጋዴዎችና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች በሚኖሩባቸው መንገዶች ላይ ኪሮስ በትግርኛ ከተናገረ በኋላ ማይኩን ይሰጠኛል፣ እኔም በአማርኛ እደግመዋለሁ። በአማርኛ የሥራ ነገር ስናገር ፍርሃቴ ይቀንሳል።

ኪሮስ በብዙ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ትምህርቴን እንደጨረስኩ ሥራ አጥቼ ስቀመጥ፣ «ና ባትሪ ተሸከም» አለኝ። ባትሪ መሸከም ሥራ ይመስለኝ ነበር። ሥራው ሌላ ነበር።

መጀመሪያ ያስተማረኝ መኪና እየሄደ አለመናገርን ነው። ሌሎች ሞንታርቦዎች እየነዱ ይናገራሉ። አንዱ ቤት መጀመሪያውን ይሰማል፣ ቀጣዩ መሃሉን፣ ሦስተኛው መጨረሻውን፤ ከዚያ ሦስቱ ጎረቤቶች በር ላይ ወጥተው ይጨቃጨቃሉ። ኪሮስ በየማዕዘኑ ይቆም ነበር። የድምፅ ማጉያውን አፍ ወደ ሰው በር አያዞርም፤ ወደ ድንጋይ አጥር ያዞረዋል፣ ድምፁ ከአጥሩ ተመልሶ እንዲገባ። ከሰዓት በኋላ ከቁሓ በኩል ነፋስ ሲነሣ ማዕዘኑን ይለውጣል። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲወርድ ዝም ይላል፤ ከእሱ ጋር መጮህ ሞኝነት ነው ይላል። በዚያ መሃል ዝንጅብሉን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ያዛውራል።

ሰዓቱን መጨረሻ ላይ ነው የሚናገረው። መጀመሪያ ማን፣ ቀጥሎ የት፣ በመጨረሻ ስንት ሰዓት። አንዲት ሴት ልብስ ስታጥብ ድምፅ ከሰማች ቧንቧውን እስክትዘጋ ድረስ ግማሹ ያልፋታል፤ የምትይዘው መጨረሻውን ነው። ስለዚህ ሰዓቱ መጨረሻ ይሁን፣ ሁለት ጊዜም ይባል።

ሞት ሲነግር ሞተር ያጠፋል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል። መኪና ውስጥ ነው፤ ማንም አያየውም። ለምን ታወልቃለህ ብዬ ጠየቅሁት። «ባርኔጣ ያደረገ ሰው ድምፅ ይታወቃል» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በኋላ እኔም ሞክሬ አየሁት። እውነት ነው፤ ድምፁ ይለያል። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ስሙ ገብረመድህን የሚባል ሰው ሞቶ ነገርን። በዚያ ሰፈር ሁለት ገብረመድህን እንዳለ አልጠየቅንም ነበር። ሰው እያለቀሰ ወደ በሕይወት ያለው ሄደ። እሱም ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመና፣ መጀመሪያ ማን ማን እንደመጣ በደንብ ካየ በኋላ ነው ያልሞትኩት እኔ ነኝ ያለው። ቀኑን ሙሉ፣ እገሌ አልመጣም፣ እገሌ ሳያለቅስ ነው የመጣው እያለ ሲቆጥር ዋለ። ከዚያ ወዲህ ኪሮስ የሟቹን ቅጽል ስም ሳይጠይቅ ማይክ አይነካም ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ ነዳጅ ጠፋ። መኪናዋን አቁመን ሞንታርቦውን በአህያ ጋሪ ላይ ጫንን። አህያዋ መጀመሪያ ቀን ድምፁን ስትሰማ ጋሪውን ይዛ ጠፋች። ኪሮስ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ከተተላት፣ ከዚያ ተስማማን። የጠፋ ልጅ፣ የውሃ ቦቴ፣ ሞት። የዚያን ጊዜ ሥራችን ይኸው ነበር። ክፍያ አንጠይቅም፤ የሚከፍልም አልነበረም።

ተፈናቃዮቹ የመጡት በዚያን ጊዜ ነው። ቀያቸውን ለቀው በእግርም በጭነት መኪናም ገቡ። ትምህርት ቤታችን ሞላ። በማግስቱ በጋሪው ወጣን፣ ኪሮስም በየማዕዘኑ «ኣጋይሽ መጺኦምና» አለ። እንግዶች መጡልን ማለት ነው። በአማርኛ ጋሻ መከታ ነው፣ በእኛ ቋንቋ ግን ጋሻ እንግዳ ነው፤ ሲበዛ ኣጋይሽ። እኔም በአማርኛው እንግዶች ብዬ ደገምኩ። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ብርድ ልብስና ድስት ተከመረ። ራሱ ያልበላ ሰው ይዞ መጥቷል። ከሁሉም በፊት የደረሱት፣ እናት እንደማለት ኣደይ የምንላቸው ለተብርሃን ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ሱቅ ያላቸው፣ ምላሳቸው የሚፈራ ሴት። የሠርግ ድስታቸውን በልጆች አሸክመው መጡ።

እንግዳ ግን ይሄዳል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። ጦርነቱ ቆመ፣ እነሱ መመለሻ አጡ። ልጆቻችን ሩቅ ወደሆነ ትምህርት ቤት በእግር መሄድ ጀመሩ። ቦቴ ሲመጣ ወረፋው ረዘመ። ያን ጊዜ ያቺ ሰዉን ያነቃነቀች «እንግዳ» የምትል ቃል መራራ ሆነች። እንግዳ እንዲህ ይቆያል ወይ ይሉ ጀመር። ኪሮስ ይህን ሲሰማ ይጎረብጠው ነበር። ቃሉን የሰጣቸው እሱ ነውና።

ስለ ምርጫው የማውቀውን ልናገር። እንደ እኛ በየመንገዱ የሚቆም ሰው ብዙ ይሰማል።

ድሮ የኮሚቴ ምርጫ ሲባል ሰው አይመጣም ነበር። የመጣውም ተመራጭ መሆን ስለማይፈልግ ያልመጣ ሰው ይመርጣል። ኪሮስ፣ «ዛሬ ቤታችሁ ከቀራችሁ ኮሚቴ ትሆናላችሁ» እያለ ነበር ሰው የሚያስወጣው። ብዙዎች ደግሞ ዘመዳቸውን፣ የማኅበር ጓደኛቸውን ነው የሚመርጡት። ተፈናቃዮቹ ከመጡ በኋላ ይህ ቀረ። ዘመድ ከዘመድ ተለያየ። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ትምህርት ቤቱን ታስለቅቃለህ ወይስ አታስለቅቅም?

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የሚቸገሩት ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያሉት ናቸው፤ ቦቴውን የሚሻሙት፣ ጫጫታውን የሚሰሙት። እነሱ ይውጡ ይላሉ ብዬ ነበር። ሆኖም በዚያ መንገድ ስንቆም ሰው የሚያወራው ስለ እገሊት ልጅ ሳል፣ ስለ እገሌ አሮጌ ጃኬት ነው። በስም ያውቋቸዋል፤ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ይውጡ የሚለው ከላይ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሰው ነው። ቦቴ የማይጋራቸው፣ አንድ ቀን እንኳ ግቢው ውስጥ ገብቶ የማያውቅ። እዚያ ስንቆም ሌባ ናቸው፣ በሽታ አለ፣ ሊሰፍሩብን ነው ይሉናል። ከትምህርት ቤቱ በራቅን ቁጥር ፍርሃቱ እየጨመረ ይሄዳል። ይህን ለኪሮስ ስነግረው፣ «አንተ ማዳመጥ ጀመርክ» አለኝ። ስለ ሥራዬ ካመሰገነኝ ጊዜያት አንዱ ነው።

ከአጠገቡ ያሉ፣ ግን ይውጡ የሚሉ ሰው ኣደይ ለተብርሃን ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። የልጅ ልጆቻቸው ያንን ሩቅ መንገድ በየቀኑ ይሄዳሉ። ጠላት አልነበሩም። ለተፈናቃዮቹ በሱቃቸው ዱቤ እየሰጡ፣ በዚያው አፋቸው ይውጡ ይሉ ነበር። ለምርጫው እሳቸው ቀረቡ። በሌላ ወገን የዚያው ትምህርት ቤት መምህር የነበሩት መምህር መሓሪ ቀረቡ። ማረፊያ እስኪዘጋጅላቸው ይቆዩ አሉ።

ለመጀመሪያው ምርጫ ቀበሌው የሰጠን ወረቀት «ነበርቲ» ይላል፤ ነዋሪዎች፣ መታወቂያ ያላቸው ማለቱ ነው። ኪሮስ እንደ ልማዱ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አይቶ ለእኔ ሰጠኝ። የቢሮ ቃል ቤት አይገባም ይል ነበር፤ ሁልጊዜ ሰው በቤቱ በሚናገረው ይለውጠዋል። ያን ጊዜም ለወጠው። «ኣብዚ እትነብሩ ኩሉኹም» አለ። እዚህ የምትኖሩ ሁላችሁ። በየማዕዘኑ እንዲህ አለ። በትምህርት ቤቱ አጥር ጎንም ቆሞ እንዲህ አለ። እኔ በአማርኛው ከወረቀቱ ላይ «የቀበሌው ነዋሪዎች» አልኩ። ልዩነቱን አላስተዋልኩትም።

በምርጫው ጠዋት ሜዳው ላይ ሰው ተሰብስቧል። እኛ ከመኪናዋ ጋር ዳር ቆመናል። ከትምህርት ቤቱ በር ሰዎች ሲወጡ አየሁ። ታጥበው ነበር። ውሃ በሌለበት ግቢ እንዴት እንደታጠቡ አላውቅም። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። ከፊት ኣቦይ ተኽለ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ጥለው ይመራሉ። ወጣቶቹ ሸሚዝ ተዋውሰዋል፤ አንዱ ላይ ጠቦታል፣ ሌላው ላይ ሰፍቷል። መጥተው «ከመይ ሓዲርኩም»፣ እንዴት አደራችሁ፣ አሉና ቆሙ።

ኪሮስ ቀና ብሎ አያቸው። ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ አልረሳም። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳለ የገባው።

ምርጫው በሰልፍ ነው፤ ከምትመርጠው ሰው ጀርባ ትቆማለህ። እነሱ ከመምህር መሓሪ ጀርባ ቆሙ። ሰልፉ ከኣደይ ለተብርሃን በልጦ ሜዳውን አልፎ ወጣ። ሜዳው በጩኸት ተሞላ። እንግዳ በቤታችን ሊሾምብን ነው አሉ። የሰዉ ሁሉ ዓይን ወደ እኛ መኪና ዞረ። ኣደይ ለተብርሃን ሰልፋቸውን ትተው መጡና፣ «ኪሮስ፣ ነገ ደግሞ የቁሓን አህዮች ጥራልን። እነሱም እዚሁ ነው የሚኖሩት» አሉት። ሰው ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

ኣቦይ ተኽለ ሰዎቻቸውን ይዘው ተመለሱ። የታጠቡት ሰዎች፣ በመጡበት መንገድ።

ምርጫው ተሰረዘ። ቀጥሎ ስብሰባ ተጠራና እኔን አስነሡኝ። ወረቀቱ ምን ይላል? ነዋሪዎች። አንተ በአማርኛ ምን አልክ? ነዋሪዎች። ወንድምህስ? ኪሮስ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። እዚህ የምትኖሩ ሁላችሁ ነው ያለው አልኩ። አንዱ ከኋላ፣ «ታናሹ አነበበ፣ ታላቁ ፈጠረ» አለ። መምህር መሓሪ ገዝተውት ነው የሚለው ወሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተነዛ።

ወደ ቤት ስንሄድ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። መሪውን ይዞ ትንሽ ከሄደ በኋላ፣ «በደንብ ተናገርክ። መጨረሻው ላይ ግን ድምፅህ ወረደ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙህም» አለኝ። ስለዚያ ስብሰባ ሌላ ነገር አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር። እድሮች ሌላ ሞንታርቦ ከሓወልቲ ሰፈር ማስመጣት ጀመሩ። ከአስፋልቱ ማዶ ያሉ ሰዎች ሰላምታ ነሱት። ተፈናቃዮቹን ያለበደላቸው ያሰደበው እሱ መሆኑ ግን ከሁሉ የበለጠ ይበላው ነበር። ድሮ ዝም ብለው ያሳልፏቸው የነበሩ ሰዎች አሁን በወረፋው ላይ ይገፏቸዋል። ሁለተኛው ምርጫ ሲወሰን፣ ኪሮስ እንዲጠራ ያሉት ኣደይ ለተብርሃን ራሳቸው ናቸው። ያበላሸው ራሱ ያስተካክለው አሉ። እንደሚያሸንፉ እርግጠኛ ነበሩ። እኛም እርግጠኛ ነበርን። እሳቸው ካሸነፉ ደግሞ ቤተሰቦቹ ከክረምቱ በፊት ይወጣሉ፤ ወዴት እንደሚሄዱ ማንም አያውቅም።

ወደዚያች ዓርብ ልመለስ።

ሌላው መንገድ ሁሉ አልቆ ትምህርት ቤቱ ብቻ ቀረ። ኪሮስ አጥሩ ጎን ቆመ፣ ወረቀቱን አየ፣ ሞተሩን አጠፋ። ማይኩን አስቀመጠና ወረደ። ይህን በማጉያ አልላቸውም አለኝ። ተከትዬው ገባሁ። ኣቦይ ተኽለ አንድ ክፍል በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ኪሮስ ከፊታቸው ቁጢጥ ብሎ፣ ምርጫው እሑድ መሆኑን፣ መታወቂያ የሌለው መምጣት እንደማይችል በዝግታ ነገራቸው።

«እናውቃለን ወደይ፣ ልጄ» አሉት። «ያን ጊዜም ልንወስድባችሁ አልመጣንም። እዚህ ከገባን ጀምሮ ተፈናቃይ፣ እንግዳ፣ ተረጂ ነው የምንባለው። እዚህ ትኖራላችሁ ያለን ሰው አልነበረም። አንተ ስትለን ጊዜ ልጆቹ ተነሡና ታጠቡ። እኔም ተው አላልኳቸውም።»

ኪሮስ ይበልጥ ጠጋ አላቸው። ከዚያ እኔ ያልጠበቅሁትን ተናገረ።

«ኣቦይ፣ ሰው ሁሉ ኪሮስ ሆን ብሎ ነው ይላል። አንዱ ተገዝቶ ነው ይላል፣ ሌላው አዝኖላቸው ነው ይላል። አላሰብኳችሁም። በአጥራችሁ ጎን ቆሜ ስናገር እዚህ ውስጥ መሆናችሁን ረስቼ ነው። እናንተ ግን የጠራኋችሁ መስሏችሁ መጣችሁ።»

ኣቦይ ተኽለ ሳቁ። ጥርስ የላቸውም፣ ግን በሙሉ አፋቸው ሳቁ። «ይሄማ ይሻላል» አሉት። «የሚኖር ሰው ነው የሚረሳ። እንግዳን ማን ይረሳል? ቀኑን ሙሉ ሲያዩት ይውላሉ።»

ስንወጣ ኪሮስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ትከሻው ወርዶለታል። መኪና ውስጥ ገብቶ፣ «በል አሁን ዝንጅብል ስጠኝ» አለ። በመንገድ ላይ ስለ ካልሲው እንደገና ቀለደብኝ። እኔንም ቀለለኝ። ከስብሰባው ቀን ጀምሮ በመካከላችን የነበረው ነገር፣ ማንም ሳያነሣው፣ የወረደ መሰለኝ።

ምሽት ላይ እራት በልቶ ደረቴ ተጨነቀ አለ። ባለቤቱና እኔ ደግፈን መኪናዋ ውስጥ አስገባነው፣ ሆስፒታል አደረስነው። ብዙ አልቆየም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለን። ብዙም አልተሠቃየም። ይህን ብዙ ጊዜ ለራሴ እነግረዋለሁ። አንድ ቀን ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ያንን ንግግር ሳይናገር ይሄድ ነበር። ይህንንም ለራሴ እነግረዋለሁ።

ቅዳሜ ሲነጋ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የወንድሜን ሞት የሚናገረው እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ? ባትሪውን አሰርኩ፣ ማይኩን ያዝኩ፣ ባርኔጣ አላደረግሁም፣ ግን አውልቄ እንደሆነ ራሴን ነካሁ። አፌን ስከፍት ድምፅ የለም። ደግሜ ሞከርኩ። የለም። ሁለት ነገር ፈራሁ። ሰው ሳይሰማ ቀብሩ ያልፋል ብዬ፣ ሰምቶም አይመጣም ብዬ። የብዙ ሰው ቀብር የጠራ ሰው ብቻውን ሊቀበር ነው አልኩ።

ኣቦይ ተኽለ መስኮቱን አንኳኩ። ከኋላቸው ከትምህርት ቤቱ የመጡ ወጣቶችና ሴቶች ቆመዋል። ማን እንደነገራቸው አላወቅሁም፤ ለቅሶው ከአጥሩ ተሻግሮ ይሆናል። ማይኩን ከእጄ ወሰዱና ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። «ይኼ የእግር ሥራ ነው። እግር አለን። ወንድምህ የት የት ነበር የሚቆመው?» አሉኝ።

ማዕዘኖቹን ነገርኳቸው። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰው መደቡ። ከአስፋልቱ ማዶ ላሉትም ጭምር። እዚያ ሌባ ናቸው ይሏቸዋል፤ ያውቁታልም። ሄዱ።

ከአስፋልቱ ማዶ ያለችው፣ ዓርብ ዕለት ኪሮስን በመስኮት ያየችው ሴት በኋላ ነገረችኝ። ገና በማለዳ በሯ ተንኳኳ፤ ከፈተች። አንዲት ልጅ እያለቀሰች ኪሮስ ሞቷል፣ ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው አለቻት። እህቱ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። አይደለሁም፣ ከትምህርት ቤቱ ነኝ አለች። ሴትየዋ ግቢ፣ ውሃ ጠጪ አለቻት። ልጅቱ ሌላ በር አለብኝ ብላ ሄደች። እንዲህ ያለ ነገር በብዙ በር ላይ ሆኗል።

ቀብሩ ላይ የመጣውን ሰው መናገር አልችልም። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አልበቃም። ሰላምታ የነሱት መጡ፣ ኣደይ ለተብርሃን መጡ። አስከሬኑን በየተራ ሲሸከሙ የትምህርት ቤቱ ወጣቶችና የአስፋልት ማዶዎቹ ትከሻ ለትከሻ ነበሩ። እኔ አለቀስኩ፤ ግን ያ ፍርሃቴ ከላዬ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። መጡ እኮ እያልኩ ነው ያለቀስኩት።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ወደ ድንኳኑ መጥተው ምርጫውን እናስተላልፈው ወይ አሉ። የኪሮስ ባለቤት ሰማቻቸው። ከሓዘን መሃል ቀና ብላ፣ «እሱ የጠራው ምርጫ ሁለተኛ አይሰረዝም» አለች። በዚያው ጸና።

እሑድ ጠዋት ሆነ። ሓዘንተኛ ከድንኳን አይወጣም። እኔ ወጣሁ። መታወቂያዬን ይዤ ሜዳው ሄድኩና ከመምህር መሓሪ ጀርባ ቆምኩ። ሰው ዞር ዞር እያለ ያየኝ ነበር፣ ማንም ግን አልተናገረኝም። ከትምህርት ቤቱ አንድ ሰው አልመጣም። በሩ ተዘግቶ ነበር። ልጆች እንኳ አጥሩ ላይ አልወጡም፤ ከልክለዋቸው መሆን አለበት።

የትምህርት ቤቱ አጠገብ ሰዎች ወደ እኛ ሰልፍ መጡ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ የመጡት መሃል ላይ ቆመው ቀሩ። ወደ ኣደይ ለተብርሃን የሄዱ ነበሩ፤ ልጆቻቸው የሚንገላቱ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ እኛ መጡ። ያቺ በሯ የተንኳኳው ሴት ከእኔ ኋላ ቆመች። በአንድ ማለዳ የተከፈተ በር የሰውን ድምፅ ይለውጣል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ አላውቅም። ያየሁትን ነው የምናገረው።

ቆጠራው ከፊት ጀምሮ ሰው በየተራ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እየጠራ ነው። ሁለቱም ሰልፍ እኩል ጀመረ። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ሁለት ድምፅ ጎን ለጎን ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ የኣደይ ለተብርሃን ሰልፍ ዝም አለ። የእኛው ቀጠለ። ከእኔ በኋላም ቀጠለ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቤተሰቦቹ ይቆያሉ። ማንም በማንም አፍ ሳያሳብብ፣ ይቆያሉ።

ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ። ከእኔ ቀጥለው የገቡት ኣደይ ለተብርሃን ናቸው፤ ከሜዳው በቀጥታ ነው የመጡት። አጠገቤ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጠጋ ብለው፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ «ወንድምህ ሁለት ጊዜ አሸነፈኝ» አሉ። «አንዴ አፉን ከፍቶ፣ አንዴ አፉን ዘግቶ።»

ሳቅሁ። በወንድሜ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው እያየኝ፣ ሳቅሁ። እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያ ከዓርብ ጀምሮ ያልመጣው እንቅልፍ በተቀመጥኩበት ወሰደኝ።